ከአሜሪካ በሻንጣ የመጡት ቫይታሚኖችና የእናትሽ ታይሮይድ

ጥያቄ፦ እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ከዓመታት በፊት ዕንቅርቷን በኦፕሬሽን አስወጥታ የታይሮይድ ሆርሞንን የሚተካውን ሌቮታይሮክሲን ትወስዳለች። ስኳርና ግፊትም ስላለባት ሜትፎርሚንና ኢናላፕሪል ታዞላታል። ከአራት ወር በፊት ሜሪላንድ ያለችው እህቴ በሰው ሻንጣ ቫይታሚን ላከችላት። ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች የሚሆን መልቲቫይታሚን፣ ካልሲየም ከቫይታሚን ዲ ጋር፣ ለብቻው ቫይታሚን ዲ 5,000፣ አይረን 65 ሚሊግራም፣ ለፀጉር ባዮቲን 10,000፣ የዓሣ ዘይት፣ የእርድ እንክብል፣ «ለግፊት ይሻላል» የተባለ ጨውም አለበት። ጠዋት ጠዋት ከመድኃኒቶቿ ጋር እፍኝ ሙሉ አድርጋ በቡና ትውጣቸዋለች። አሁን ሆዷ ይደርቃል፣ ሰገራዋ ጠቁሯል፣ ይበርዳታል፣ ቀኑን ሙሉ ታንቀላፋለች። በመጨረሻው ምርመራ ግን የታይሮይድ መድኃኒቱ በዝቶባታል ተብሎ ከ100 ወደ 75 ማይክሮግራም ተቀነሰ። እህቴ «የተፈጥሮ ስለሆኑ አይጎዱም» ትላለች። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የተለመደ የሆድ ድርቀት ነገር መሰለኝ። ደግሜ ሳነበው አንድ የማይገጥም ነገር አየሁ። ከእሱ ልጀምር።

እናትሽ ይበርዳቸዋል፣ ያንቀላፋሉ፣ ሆዳቸው ይደርቃል። ይህ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ የሚታይ ምልክት ነው። ሲበዛማ ሰው ያልበዋል፣ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሆዱም ይላላል። የላቦራቶሪው ወረቀት ግን «በዝቷል» አለ። እሳቸው የሚሰማቸው ሌላ፣ ወረቀቱ የሚለው ሌላ። ሳላያቸው ከዚህ ሆኜ መፍረድ አልችልም። ነገር ግን ከጻፍሽልኝ ዝርዝር ውስጥ ሆርሞኑንም ሊያሳንሱ፣ ወረቀቱንም ሊያሳስቱ የሚችሉ ፍሬዎች አሉ።

ሆርሞኑ ለምን ያንሳል? ሌቮታይሮክሲን አስቸጋሪ መድኃኒት ነው። ባዶ ሆድ ይፈልጋል፤ ከውኃ በቀር ሌላ ነገር አይወድም። ካልሲየምና አይረን አንጀት ውስጥ ሲያገኙት ይጣበቁበታል። ከተጣበቁበት በኋላ ወደ ደም አይገባም፤ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ቡናም የሚገባውን መጠን ይቀንሳል። እናትሽ እነዚህን ሦስቱን በአንድ ጉርሻ ከመድኃኒቱ ጋር ሲወስዱ ወረቀት ላይ 100 ማይክሮግራም ዋጡ ይባል እንጂ ደማቸው ውስጥ የደረሰው ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በሌቮታይሮክሲንና በካልሲየም ወይም በአይረን መካከል ቢያንስ አራት ሰዓት ይለፍ የምንለው።

እንደዚያ ከሆነ ወረቀቱ ለምን «አንሷል» አላለም? እዚህ ላይ ባዮቲን ይመጣል።

ባዮቲን ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ ነው። አንድ አዋቂ በቀን 30 ማይክሮግራም ያህል ይበቃዋል፤ እሱንም ከምግብ ያገኘዋል። እህትሽ የላከችው 10,000 ማይክሮግራም ነው፤ ከ300 እጥፍ በላይ። ትርፉ በሽንት ስለሚወጣ ሰውነትን ብዙም አይጎዳም። ጣጣው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ብዙ የደም መመርመሪያ ማሽኖች ባዮቲንን እንደ ሙጫ ይጠቀሙበታል። የሚፈለገው ሆርሞን የሚያዘውና የሚቆጠረው በዚያ ሙጫ ነው። ደሙ ራሱ በባዮቲን ተሞልቶ ሲመጣ የሙጫውን ቦታ ይሻማና ማሽኑ ይሳሳታል። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ የሚወርደው ቲኤስኤች የሚባለው ምርመራ ከእውነተኛው ቁጥር በታች ይወጣል፤ ቲ4፣ ማለትም የታይሮይድ ሆርሞኑ ራሱ፣ ደግሞ ከእውነተኛው በላይ። ሐኪም እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንድ ላይ ሲያይ «መድኃኒቱ በዝቷል» ማለቱ ልክ ነው። ባዮቲን መኖሩን ማን ነገረው? የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2017 ስለዚህ ነገር ለሐኪሞችና ለላቦራቶሪዎች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክ) የሚለየው የትሮፖኒን ምርመራ ሳይቀር በባዮቲን ምክንያት ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ሁሉም ማሽን በዚህ ዘዴ አይሠራም። የእናንተ ላቦራቶሪ በየትኛው እንደሚሠራ እነሱን መጠየቅ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ባዮቲኑ ዛሬውኑ ይቁም። ሁለተኛ፣ የታይሮይድ መድኃኒቱን በራሳችሁ ወደ 100 እንዳትመልሱት። ይሄን አጥብቄ የምነግርሽ ሰው ወዲያው የሚያስበው እሱን ስለሆነ ነው። ካልሲየሙና አይረኑ ከአጠገቡ ሲነሱ ያው 75 ራሱ ከበፊቱ የተሻለ ሊገባ ይችላል። ማራቁንም መጠን መጨመሩንም በአንድ ቀን ካደረጋችሁ በ63 ዓመት ልብ ላይ ጫና ይመጣል። ሦስተኛ፣ ለሐኪሙ ደውሉና ባዮቲን ይወስዱ እንደነበር ንገሩት። በተለምዶ ከምርመራ በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን ማቆም ይመከራል። እኔ ግን መጠኑ ትልቅ ስለሆነ፣ መቅረቱም ስለማይጎዳቸው አንድ ሳምንት እላለሁ። ከዚያ ደሙ ይታይ። ሰዓቱ ከተስተካከለ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ደግሞ እንደገና፤ ቲኤስኤች ለመረጋጋት ያን ያህል ጊዜ ይወስድበታል።

ፀጉር ይመልሳል የሚለውን ነገር በተመለከተ፣ ባዮቲን ላልጎደለው ሰው ፀጉር እንደሚያበቅል የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ታይሮይድ ሲያንስ ግን ፀጉር ይረግፋል። ለፀጉሩ ተብሎ የተዋጠው ፍሬ ለፀጉሩ መርገፍ ምክንያት የሆነውን ነገር ሲደብቅ አስቢው።

ወደ አይረኑ ልሂድ። በጠርሙሶቹ ላይ አንድ ነገር አስተውለሽ ይሆን? ከ50 በላይ ለሆኑ ሴቶች ተብሎ የሚሠራው መልቲቫይታሚን አብዛኛውን ጊዜ አይረን የለበትም። አምራቹ ረስቶት አይደለም። የወር አበባ የቆመ ሴት በቀን 8 ሚሊግራም ይበቃታል፤ ለአይረን ጤፍም ምስርም አለ። እህትሽ አምራቹ ሆን ብሎ የተወውን ነገር ለብቻው ገዝታ ስምንት እጥፉን ጨመረችበት። መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆሜ በየቀኑ የምሰማው ቃል ነው፤ «ደም የሚሞላ ነገር ስጠኝ»። ደም ማነሱ በምርመራ ሳይታወቅ ግን የሚሞላ ነገር የለም። በዚህ ዕድሜ በእርግጥ ደም አንሶ ከተገኘ ደግሞ ቀዳሚው ጥያቄ «ደሙ የት ሄደ?» ነው። ጨጓራ ወይም አንጀት እየደማ ሊሆን ይችላል፤ አይረኑ ያንን ለወራት ሸፍኖ ያቆየዋል።

ስለ ጥቁሩ ሰገራ አትደንግጪ፤ ግን ተመልከቺው። አይረን ሰገራን ወደ ጥቁር አረንጓዴ ይለውጣል፤ የሆድ ድርቀትም የታወቀ ባሕርዩ ነው። ሲቆም በጥቂት ቀናት ውስጥ መልኩ መመለስ አለበት። ሰገራው እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ፣ የሚያብረቀርቅና ከወትሮው የተለየ ክፉ ጠረን ያለው ከሆነ ግን ያ የደም ምልክት ነው። የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ይዘሻቸው ሂጂ።

ቤት ውስጥ ሕፃን አለ? የልጅ ልጅ የማይመላለስበት የአያት ቤት ስለማላውቅ ነው የምጠይቅሽ። አይረኑ ከረሜላ ይመስላል። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ያንን 65 ሚሊግራም አሥር ፍሬ ቢውጥ ለሕይወት የሚያሰጋ መጠን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቁም ሳጥን ላይ አይቀመጥ፤ ቁልፍ ያለበት ቦታ ይግባ።

ጨዉን ልተወው ነበር፤ ከሻንጣው ሁሉ ያሳሰበኝ ግን እሱ ነው። ጀርባውን ገልብጠሽ አንብቢ። «ፖታሲየም ክሎራይድ» የሚል ካለ እናትሽ አይብሉት። የግፊት መድኃኒታቸው ኢናላፕሪል ፖታሲየም በሽንት እንዳይወጣ ያደርጋል። ስኳር ደግሞ ቀስ በቀስ ኩላሊትን ያዳክማል። በዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ፖታሲየም ክሎራይድ የሆነ ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያው ከ600 ሚሊግራም በላይ ፖታሲየም ይዟል። ፖታሲየም ደም ውስጥ ሲጠራቀም አያሳክክ፣ አያስል፣ አያስታውክ ይሆናል። ልብን ነው በቀጥታ የሚመታው። በነገራችን ላይ ጨዉ ራሱ መጥፎ አይደለም። ቻይና ውስጥ ከ20,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበትና በ2021 በታተመ ጥናት እንዲህ ዓይነት ጨው፣ ግማሽ ያህሉም ሳይሆን ሩቡ ብቻ ፖታሲየም ክሎራይድ የሆነው፣ ስትሮክን ቀንሷል። ኩላሊቱ ደህና ለሆነና ፖታሲየም የሚይዝ መድኃኒት ለማይወስድ ሰው ጥሩ ነገር ነው። ለእናትሽ ግን አይሆንም። ደማቸው ሲወሰድ ፖታሲየምና የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው ክሬቲኒን አብረው እንዲታዩ ጠይቂ። የወጣቸውን ጨው መቀነስ ይሻላል፤ በርበሬና ኮረሪማ የግፊት ችግር የለባቸውም፣ ሲዘጋጅ የተደባለቀበትን ጨው ካልቆጠርሽ።

ቫይታሚን ዲ ላይ ደምሪልኝ። ከተለመዱት ጠርሙሶች ተነስቼ ልገምት፤ መልቲቫይታሚኑ 1,000፣ ካልሲየሙ ውስጥ ያለው 800፣ ለብቻው የመጣው 5,000። ድምሩ 6,800 ዩኒት በቀን። በዕድሜያቸው የሚመከረው 600 ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይታለፍ የሚባለው ጣራ 4,000 ነው። በአራት ወር ውስጥ በዚህ መጠን ሰው ብዙ ጊዜ አይመረዝም፤ ላስፈራሽ አልፈልግም። ግን ቫይታሚን ዲ እንደ ባዮቲን በሽንት አይወጣም፤ ስብ ውስጥ ይከማቻል። ሲበዛ የደምን ካልሲየም ያንራል። ያ ደግሞ ጥማት፣ ሽንት መብዛት፣ ድካም፣ የሆድ ድርቀት ያመጣል። ሁለቱ ምልክት እናትሽ ላይ አለ። ስለዚህ ካልሲየማቸውም ይለካ። «13 ወር ፀሐይ ያለበት አገር ቫይታሚን ዲ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ከቤት የማይወጣና ተከናንቦ የሚሄድ ሰው ፀሐዩ ቢኖርም ሊጎድለው ይችላል። መጉደሉን የሚናገረው ግን ምርመራ እንጂ ሻንጣ አይደለም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በዪ። ዕንቅርት ሲወጣ ከጀርባው ያሉት አራት ትንንሽ ዕጢዎች አብረው የሚነኩበት ጊዜ አለ። የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ሐኪማቸው ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ አዝዞላቸው ከነበረ እሱ ማሟያ ሳይሆን መድኃኒት ነው፤ እኔ አልኩ ብላችሁ እንዳታቆሙት። አፍ አካባቢና ጣት ጫፍ ላይ መውረር ወይም የእጅ መኮማተር ከተሰማቸው ቶሎ ይታዩ። እንዲያ የታዘዘ ነገር ካልነበረ የ5,000ውን ዩኒት ምርመራው እስኪመጣ አቆዩት።

የዓሣ ዘይቱ አያሳስበኝም፤ ብዙም አይጠቅማቸውም። በ2018 ውጤቱ የወጣው ቫይታል የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት 25,871 ሰዎችን አሳትፎ በቀን አንድ ግራም የዓሣ ዘይት ወይም 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ መውሰድ ካንሰርንም ሆነ ዋና ዋናዎቹን የልብ ችግሮች በአጠቃላይ እንዳልቀነሰ አይቷል። ቢያገሱ ዓሣ ዓሣ ይላቸዋል፣ ያ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ቢወስዱ ኖሮ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር። ብዙ ጊዜ ስለምጠየቅ ልጨምር፤ ለስላሳው እንክብል የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከጄላቲን ነው፣ ጄላቲን ደግሞ ከከብት ወይም ከአሳማ። ጿሚም ሆነ ሙስሊም ከሆናችሁ ይህን ማወቅ ትፈልጋላችሁ።

እርዱስ? አልጫ ውስጥ የሚገባው እርድ ማንንም አይጎዳም። እንክብሉ ግን የተጨመቀ ነው፤ በዚያ ላይ ሰውነት ቶሎ እንዲቀበለው የቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር ብዙ ጊዜ ይጨመርበታል። ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ብዙ አይደሉም፣ ግን አሉ። እኔ ብሆን ወደ ድስቱ እመልሰዋለሁ።

ይህ ሁሉ ፍሬ መጥቶ እናትሽ የሚያስፈልጋቸው ምናልባት ለብቻው ያልተላከው ነው። ቢ12። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12 ከምግብ በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። ቢ12 ያለው በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በወተት፣ በዓሣ ነው። ዓቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታውን፣ ነቢያቱን፣ ረቡዕና ዓርቡን ጨምሪበት። መልቲቫይታሚኑ ውስጥ ጥቂት አለ፤ ይበቃል አይበቃም የሚለውን ደሙ ይናገራል። እግራቸውን ይደነዝዛቸዋል? ማታ ማታ ውስጥ እግራቸውን ያቃጥላቸዋል? ሰው «ስኳሩ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አንዳንዴ ስኳሩ አይደለም። ይህኛው ጉድለት ርካሽ መድኃኒት አለው፤ ቶሎ ካልተደረሰበት ግን የነርቭ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል።

የእህትሽን «የተፈጥሮ ነው» የሚለውን ነገር ደግሞ ላንሳ። እሬትም የተፈጥሮ ነው፣ ኮሶም የተፈጥሮ ነው፤ አያቶቻችን ኮሶን በልክ የሚጠጡት ለምን ይመስልሻል? እሷ ያለችበት አገር በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ማሟያ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ደህንነቱንና ጥቅሙን ለኤፍዲኤ ማሳየት አይጠበቅበትም። መደርደሪያ ላይ መገኘቱ ተፈትኗል ማለት አይደለም። «ዩኤስፒ» ወይም «ኤንኤስኤፍ» የሚል ማኅተም ካለው ቢያንስ የተጻፈው ነገር በትክክል ውስጡ እንዳለ በሌላ ወገን ተረጋግጧል። እሱም ቢሆን ለእናትሽ ያስፈልጋቸዋል ማለት አይደለም። ሌላው ደግሞ የሻንጣ ኪሎ ለመቆጠብ ፍሬውን ከጠርሙስ አውጥቶ በፌስታል መላክ ነው። ለእናንተም እንደዚያ የመጣ ካለ አይወሰድ፤ የቱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

እስከዚያው የቀሩትን እንዲህ አድርጊላቸው። ሌቮታይሮክሲን ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ በውኃ ብቻ። ቡናና ቁርስ 1 ሰዓት፤ ሜትፎርሚኑና ኢናላፕሪሉ ያኔ። መልቲቫይታሚኑ ካስፈለገ ከምሳ ጋር፤ እሱም ካልሲየም ስላለው ጠዋት አይጠጋ። ካልሲየሙ ሐኪም ካዘዘው ከእራት ጋር፤ ካርቦኔት የሚባለው ዓይነት ምግብ ይፈልጋል፣ በአንድ ጊዜም ከ500 ወይም 600 ሚሊግራም በላይ ሰውነት በደንብ አይቀበልም። በጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩና ጠዋት ውኃም የማይቀምሱ ከሆነ ሌቮታይሮክሲኑን ማታ፣ ከእራት ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆይተው፣ መኝታ ላይ መውሰድ ይቻላል። ያኔ ካልሲየሙ ወደ 9 ሰዓቱ ምግብ ይዛወራል። ሜትፎርሚን ያለ ምግብ ሆድ ይረብሻል፤ በጾም ወቅት የስኳር መድኃኒቱ ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ይነገር።

ለቀጠሮው ስትሄዱ ጠርሙሶቹን በሙሉ በአንድ ፌስታል ይዘሽ ሂጂና ጠረጴዛው ላይ ደርድሪያቸው። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ተብለው ሲጠየቁ እናቶቻችን «የለም» ነው የሚሉት። ቫይታሚን በእነሱ ዓይን መድኃኒት አይደለማ።

እህትሽን አትቆጫት። በሚቀጥለው ሻንጣ የግፊት መለኪያና የስኳር መለኪያ ወረቀት ትላክ፤ እዚህ ስንፈልገው የምናጣው እሱን ነው። ምርመራው ሲመጣ የቲኤስኤች፣ የፖታሲየም፣ የካልሲየምና የቢ12 ቁጥሮቹን ከነመለኪያቸው ጻፊልኝ፤ ደሙ ሲወሰድ ባዮቲኑ ከቆመ ስንት ቀን እንደሆነውም አብረሽ ጻፊ።